ባትሪው ከምን ተሠራ?

ለአጥቢያ የልማት ኮሚቴ አባላት ከቀረበ ንግግር የተወሰደ





በፀሐይ ኃይል የሚጠቀሙ አጥቢያዎች፣ «ፓኔሉ ደኅና ሆኖ ሳለ ባትሪው ስለ ምን ቶሎ ሞተብን?» ብለው ይጠይቃሉ። የተለመደው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ኃይሉ ከግማሽ በታች እየወረደ ደጋግሞ ሲሠራ፣ በውስጡ የሚፈጠረው የእርሳስ ጨው እየጠጠረ ይሄዳል፤ ኋላም ቢሞሉት አይቀበልም። ማኅሌቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲቆም መብራቱና ድምፅ ማጉያው ባትሪውን እስከ ንጋት ያሟጥጡታል። ማኅሌቱ ይጠር ማለቴ ግን አይደለም፤ ባትሪው ይለወጥ ማለቴ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980 ጆን ጉድኢናፍ በኦክስፎርድ ከባልደረቦቹ ጋር የሊቲየምና የኮባልት ውሕድ ለባትሪ እንደሚሆን አሳየ። ይሁን እንጂ ኮባልት ውድ ነው፤ አብዛኛው የሚወጣው ከኮንጎ ሲሆን በአንዳንዱ ጉድጓድ ሕፃናት ጭምር ይደክማሉ። ውሕዱም ከልክ በላይ ሲሞቅ ኦክስጅን ስለሚለቅ እሳትን ያባብሳል። እ.ኤ.አ. በ1997 ይኸው ሊቅ ከቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቹ ጋር በኮባልት ፈንታ ብረትና ፎስፌት የገባበትን ውሕድ ይፋ አደረገ። በዚህ ውሕድ ኦክስጅኑ ከፎስፈረስ ጋር አጥብቆ ስለ ተሳሰረ በቀላሉ አይለቅም። ጉድለቱ ኤሌክትሪክን በሚገባ አለማሳለፉ ነበር፤ ይህንም ተመራማሪዎች ዱቄቱን እጅግ በማላምና ስስ የካርቦን ሽፋን በማልበስ አቃለሉት። ጉድኢናፍ እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል ሽልማትን ከሁለት ሊቃውንት ጋር ሲጋራ ዕድሜው 97 ነበር።

የብረት ፎስፌቱ ባትሪ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ተሞልቶ ያገለግላል፤ የእርሳሱ ግን በጥልቀት ከተሟጠጠ ከጥቂት መቶ ጊዜ አያልፍም። የመግዣ ዋጋው ከፍ ያለ ስለሆነ ኮሚቴዎች ይሸሹታል። እኔ ግን ዋጋው ለአገልግሎቱ ዘመን ተካፍሎ ይታይ እላለሁ፤ የምእመናን አሥራት ነውና። ጨረታ ስታወጡ የባትሪውን መጠን ብቻ አትጠይቁ። ከምን እንደ ተሠራ፣ በምን ያህል ጥልቀት ስንት ጊዜ እንደሚሞላ፣ የኃይል መቆጣጠሪያው ለዚህ ዓይነት ባትሪ የሚስማማ መሆኑን አቅራቢው በጽሑፍ ይመልስ።

የደጋ አጥቢያዎች አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ይህ ባትሪ ከ0 ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ ሳለ መሞላት ይጎዳዋል፤ ውርጭ በሚጥልበት ወራት ከቤት ውስጥ ይቀመጥ።

አሮጌውን የእርሳስ ባትሪ በቅጽሩ ውስጥ አትጣሉ፤ ለሚያቀልጠው የመንደር ሠራተኛም አትሽጡ። የእርሳስ ብናኝ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። አዲሱን ስትገዙ፣ አሮጌውን ተረክቦ በአግባቡ ወደሚያስወግድ ቦታ ማድረስ የሻጩ ግዴታ መሆኑ በውሉ ላይ ይጻፍ።