ቡችላ ለወሰደው ልብስ ሰው አይጠርጠር

በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የቀረበ ንግግር



የዛሬው ጉዳያችን ሲሰሙት ያስቃል። ቡችሎች ልብስ እየወሰዱ ስለሚደብቁት ነው። ነገር ግን ነገሩ ሰው ያስለቀሰ ስለሆነ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አዳምጡን።

እንደሚታወቀው እኛ አሶሳዎች አጥራችን ቀርከሃ ነው። ልብስ አጥበን የምናሰጣውም ብዙ ጊዜ እዚያው አጥር ላይ ነው። ቀርከሃው ሲያረጅ ከሥሩ ይበሰብስና ቡችላ የሚያሾልክ ቀዳዳ ይከፈታል። በዚህም ምክንያት የአንዱ ቤት ቡችላ ለአምስት ቤት ይተርፋል።

ባለፈው ክረምት ከአንድ ቤት የልጅ የትምህርት ቤት ሹራብ፣ አንድ ነጠላና አራት ካልሲ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጠፋ። የተጠረጠረችው የቤት ሠራተኛዋ ናት። «ከእሷ በቀር ማን ይገባል?» ተባለ። ሻንጣዋ ተበረበረ፣ ምንም አልተገኘም። ቢሆንም የወር ደመወዟ ተይዞ ተሰናበተች። ዝናቡ ካባራ በኋላ አንድ ጎረቤት አጥር ሊያድስ የከመረውን ቀርከሃ ሲያነሳ ሹራቡም፣ ነጠላውም፣ ካልሲውም ከነጭቃው ተገኘ። የሌሎች ሦስት ቤቶች ልብስም አብሮ ወጣ። ለካስ ቡችላው መኝታ አድርጎት ኖሯል! ማኅበሩ የቤቱን ሰዎች አነጋግሮ ደመወዟ ተልኮላታል። የጠፋው ስሟ ግን በምን ይመለሳል?

በቀድሞ ዘመን ሌባ ሻይ የሚባል ነገር ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ የወደቀበት ቤት ሰው እንደ ሌባ ይቆጠራል። ያ ሥርዓት ቀርቷል። ልብስ በጠፋ ቁጥር ሠራተኛዋን፣ የተከራይን ልጅ ወይም እንግዳ ሰውን መጠርጠር ግን ከሌባ ሻይ በምን ይሻላል?

ለመሆኑ ቡችላ ልብስ ምን ያደርግለታል? አንደኛው ምክንያት ጥርስ ነው። ቡችላ 28 የወተት ጥርሶች አሉት። ከአራተኛው ወር ገደማ ጀምሮ እስከ ስድስተኛውና ሰባተኛው ወር ድረስ እየረገፉ በ42 ጥርሶች ይተካሉ። በዚህ ጊዜ ድዱን ስለሚያሳክከው ያገኘውን ሁሉ ያኝካል። ሁለተኛው ሽታ ነው። የሰው አፍንጫ ሽታ የሚቀበልባቸው ሕዋሳት 6 ሚሊዮን ያህል ሲሆኑ የውሻ ግን በመቶ ሚሊዮኖች ይቆጠራሉ። ላብ የነካው ልብስ ለእሱ የጌታው ጠረን ነው፤ ይዞት ሲተኛ ይረጋጋል። ሦስተኛው የዘር ጠባይ ነው። እነ ቀበሮ ከበሉት የተረፈውን ቀብረው ለነገ ያስቀምጣሉ። ውሻም ይህን ጠባይ አልተወም። ስለዚህ ቡችላው እንደ ሰው ሌባ አይደለም፣ ክፋትም የለበትም።

የቡችላ ሥራ መሆኑን ለማወቅም ምልክት አለ። ሰው ቢሰርቅ ጥንዱን ካልሲ ይወስዳል፤ ቡችላ አንዱን ብቻ ነው። ሰው አዲሱንና ንጹሑን ይመርጣል፤ ቡችላ የተለበሰውንና ያልታጠበውን ይወዳል። ከአጥር ከሆነ ደግሞ ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለው ይጠፋል፣ ከላይ ያለው ይቀራል። ይህን ካያችሁ አልጋ ሥር፣ ከበርሜል ኋላ፣ የእንጨት ክምር ውስጥና ቡችላው ቀን ቀን የሚተኛበትን ፈልጉ።

ሲገኝም መሮጥና መንጠቅ አያስፈልግም። ካሯሯጣችሁት ጨዋታ ይመስለውና ነገ ይደግመዋል። ከነጠቃችሁት ደግሞ ሊነክስ ይችላል። ቁራሽ እንጀራ አሳዩት፣ ልብሱን ራሱ ይጥለዋል። የሚያኝከው ትልቅ ካሮት ስጡት። የቀርከሃ ቁራጭ ግን አትስጡ፤ ተሰንጥቆ አፉን ይወጋዋል። ካልሲ ወይም ክር ውጦ የሚያስመልሰው፣ ምግብ እምቢ የሚልና መጸዳዳት የሚያቅተው ከሆነ አንጀቱ ተዘግቶ ሊሞት ስለሚችል ፈጥናችሁ ለእንስሳት ሐኪም አሳዩት። ከኋላው ክር ብቅ ቢልም አትጎትቱ፣ አንጀት ይቆርጣል።

ከሁሉ የሚከፋው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። «ቡችላ አያብድም» የሚሉ አሉ፤ እውነት አይደለም። ልጆቻችን ልብስ ሊያስጥሉ ሲታገሉ ጫር ያደረጋቸውን አይናገሩም። በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን ክትባት አለው። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በእብድ ውሻ የተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ በክትባት ካዳነ እኮ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ በ1877 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 1885) ነበር። ቡችላ የነከሰው ወይም የቧጨረው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ፤ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥል፣ ሐኪሙ ግን አይቅር።

አንድ ነገር እንጨምር። ከመካከላችን ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነን፤ የውሻ ምራቅ የነካው ልብስ፣ በተለይ የሚሰገድበት፣ ሳይታጠብ አይለበስም። ስለዚህ የተገኘ ልብስ ዝም ተብሎ አጥር ላይ አይሰቀል። ለባለቤቱ «ቡችላ ወስዶት ነበር» ተብሎ በግልጽ ይሰጥ።

በመሆኑም ማኅበሩ የሚከተለውን እንድትስማሙበት ያቀርባል።

1ኛ. ልብስ የጠፋበት ቤት የሰው ስም ከማንሳቱ በፊት ሦስት ቀን ይፈልግ፣ ለጎረቤትም ይናገር።

2ኛ. ማስረጃ ሳይኖር የማንም ሻንጣ አይበርበር፣ የማንም ደመወዝ አይያዝ። ጥርጣሬ ያለው ለሽማግሌዎች ያቅርብ።

3ኛ. የተገኘ ልብስ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በሚቀመጠው ሣጥን ይግባ።

4ኛ. ለተበላሸ ልብስ የውሻው ባለቤት ይካስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት፣ አምልጦትም ቢሆን፣ ኃላፊ ያደርገዋል። ስለዚህ «ቡችላ ነው፣ ምን ያውቃል» ማለት አያዋጣም።

5ኛ. ቡችላ ያለው ሁሉ ሦስት ወር ሲሞላው ያስከትብ፣ ሐኪሙ ባዘዘው ጊዜም ይድገም። የአጥሩን ቀዳዳ ይድፈን፤ ልብስም ከፍ ባለ ገመድ ላይ ይሰጣ።

አማርኛ የማያነቡ ጎረቤቶቻችን እንዳይቀሩ ይህንኑ በበርታ ቋንቋ የሚነግሩልን ወጣቶች ስማቸውን ለጸሐፊው እንዲያስመዘግቡ እንጠይቃለን።

ካልሲ ቢጠፋ ከገበያ ይገዛል። ሰው ያለ ጥፋቱ «ሌባ» ተብሎ ከሰፈር ሲወጣ ግን የሚገዛለት ስም የለም። ከእንግዲህ በሰፈራችን መጀመሪያ የእንጨት ክምሩ ይገለጥ፣ ሰው በኋላ ይጠየቅ።