ለካስ አባይ ኖሯል

አቅራቢ 1፦ እስቲ ይችን ቅኔ ፍቺልኝ፤ «ደጀን ደርሼ ባየው፣ ለካስ አባይ ኖሯል።»

አቅራቢ 2፦ ኅብረ ቃሉ «አባይ» ነዋ! ሰሙ ወንዙ፣ ወርቁ ሰውዬው ዋሾ መሆኑ።

አቅራቢ 1፦ ፈጠንሽ! ታዲያ ቅኔ መፍታት ጋዜጣ ላይ አግድምና ቁልቁል ከምንሞላው የቃላት ጨዋታ በምን ይለያል?

አቅራቢ 2፦ እዚያ ሳጥኑ የፊደሉን ብዛት ይነግርሃል።

አቅራቢ 1፦ ቅኔም ልክ አለው እኮ፤ ጉባኤ ቃና 2 ቤት፣ መወድስ 8 ቤት ነው።

አቅራቢ 2፦ እሱስ እውነትህን ነው። ግን ቅኔ ለብቻ አያልቅም።

አቅራቢ 1፦ የቅኔ ተማሪው ለብቻው ዞር ብሎ ቅኔውን ይቆጥር የለም እንዴ?

አቅራቢ 2፦ ይቆጥራል፤ ኋላ ግን መምህሩ ፊት ይናገራል፣ መምህሩም ያርሙታል። ከዚያ ጓደኞቹ ወርቁን ይከራከሩበታል። ለእኔ ጣዕሙ እዚያ ነው።

አቅራቢ 1፦ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም ጎጃም ውስጥ ከእንዲህ ያለ የቅኔ ትምህርት ቤት ነው የተማሩት።

አቅራቢ 2፦ አድማጮቻችን፣ ኅብረ ቃል ያለው ስንኝ ካላችሁ ደውሉልን፤ ፍቺውን ግን ለነገ አቆዩልን።