ስልኩ ቢዘጋም በሩ ይንኳኳ
(ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ለጀማዓው የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ፀሐይ ላይ ብዙ አናቆያችሁም። ልንነግራችሁ የመጣነው እርስ በርስ ስለምንሰማማበት መንገድ ነው።

በ2004 የመብት ጥያቄያችን ከአወሊያ ተነስቶ አገር ሲያዳርስ ፌስቡክ ትልቅ ውለታ ውሎልናል፤ አንክድም። ነገር ግን ያኔ ፌስቡክ የነበረው ሰው ጥቂት ነበር። ቀሪው ሕዝብ እንዴት ሰማ? ያነበበው ወጣት ለእናቱ ነገራት፤ እናት ለጎረቤቷ፤ ጎረቤት ማታ ለባሏ። ይህኛውን ግማሽ እየረሳነው መጥተናል። ዛሬ መልእክት "ተለጠፈ" ከተባለ የደረሰ ይመስለናል።

የሆነውን እናስታውስ። ሰኔ 2012 ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ተቋረጠ። ከየካቲት 2015 ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩትዩብ ለአምስት ወር ያህል ተገድበው ቆዩ። በሸገር ከተማ መስጂዶች ሲፈርሱ፣ በግንቦትም በአንዋር መስጂድ የሰው ሕይወት ሲያልፍ ገደቡ ገና አልተነሳም ነበር። መነጋገር እጅግ ባስፈለገን ሰዓት ቪፒኤን መጫን የሚያውቅ ተነጋገረ፤ የማያውቀው አሉባልታ ሲሰማ ዋለ። የሚያቋርጠው መንግሥት ብቻም አይደለም። መስከረም 24 ቀን 2014 ፌስቡክና ዋትስአፕ በራሳቸው ብልሽት ለስድስት ሰዓት ያህል ከዓለም ጠፍተዋል። ሳይጠፋም ቢሆን፣ የገጻችን ጽሑፍ ከተከታዮቻችን ለስንቱ እንደሚታይ የሚወስነው ኩባንያው ነው። የኪራይ ቤት ነው፤ አከራዩም አያውቀንም።

አሁን ጀናዛን አስቡ። ሌሊት ሰው ሞተ፤ ከዙህር በፊት መቃብሩ ተቆፍሯል፣ ከፈኑ ተገዝቷል፣ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ሰፈሩ በሙሉ ተሰልፏል። ማን ለጠፈው? ማንም። ሙአዚኑ ተናገረ፣ የዕድሩ ለፋፊ ዞረ፣ ልጆች በር አንኳኩ። ማን ቤት አዛውንት እንዳለ፣ ማን ጆሮው እንደማይሰማ፣ ማን ሌሊት ሠርቶ ቀን እንደሚተኛ የሚያውቅ ሰው በየመንደሩ አለ። ይህ መረብ በእጃችን ነው፤ ለሞት ብቻ ነው የምንጠቀምበት። ለሕያዋን ጉዳይ ሲሆን ግን ስልካችንን እናያለን!

ነገሩ አዲስ አይደለም። መካ ውስጥ ጥቂት ሶሓባዎች የሚገናኙት በአርቀም ቤት ነበር። ወደ የሥሪብ የተላከው ሙስዓብ ኢብኑ ዑመይር ቤት ለቤት፣ ሰው ለሰው ነው የሠራው። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) በመሰናበቻው ሐጅ የተገኘው ላልተገኘው እንዲያደርስ አዘዋል።

እንዲህ እናድርግ ነው የምንለው። አንድ ሰው አሥር ቤት ይያዝ፤ ከአሥር አይብለጥ፤ ካለፈ ማወቅ ይቀርና ማዳረስ ብቻ ይሆናል። የእያንዳንዱን ቤት ደጅ በእግሩ ይወቅ። የስልክ ቁጥር የሚይዝ በባለቤቱ ፈቃድ፣ በወረቀት ይያዝ። የመስጂዱን ሰው ሁሉ የያዘ አንድ ትልቅ መዝገብ ግን አንፈልግም፤ ለምን እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

እህቶችን ነጥለን እንናገር። ጁሙዓ የማይመጡት ብዙዎቹ ቤት ያሉ እናቶች ናቸው። ለእነርሱ የሚደርሰው በሴቶች ቂርኣት በኩል ነው፤ ስለዚህ የሴቶቹ አስተባባሪ መልእክቱን ከወንዶቹ እኩል፣ በዚያው ሰዓት ታግኝ። ከባሏ አፍ ተርፎ የሚደርሳት አይሁን።

በአፍ የሚሄድ ነገር እንደሚያብጥም እናውቃለን። በአንድ በር "ስብሰባ አለ" ተብሎ የወጣው በአምስተኛው በር "ሰው ታሰረ" ሆኖ ይገባል። ቁርኣን ወሬ ሲመጣ አረጋግጡ የሚለን ለዚህ ነው። መልእክቱ ከሦስት መስመር ያልበለጠ፣ በወረቀት የተጻፈ ይሁን፤ ተቀባዩ መልሶ ለአድራሹ ይበለው። ያልገባው ካለ ጥያቄው በመጣበት መንገድ ይመለስ። ፌስቡክ ላይ "ላይክ" ያደረገ ሰው መስማማቱን እንጂ መታመሙን አይነግረንም፤ በር ያንኳኳ ግን ሁለቱንም ይዞ ይመለሳል።

ገጹን ዝጉት አላልንም። ውጭ ላሉት፣ ጅዳና ኩዌት ላሉ እህቶቻችን እርሱ ይቀጥላል።

ዛሬ ከዐስር በኋላ ከየሰፈሩ አንድ ወንድና አንዲት ሴት መድረሳው ውስጥ እንጠብቃለን። የመጀመሪያውን መልእክት ረቡዕ እንልካለን፤ የመድረሳው የክረምት ምዝገባ ቀን ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም። ስልክ ሳንነካ ስንት ቤት እንደደረሰ፣ የት ላይ እንደቆመ በሚቀጥለው ጁሙዓ እዚሁ ቆመን እንቆጥራለን፣ ኢንሻአላህ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።