ጭቃና መጽሐፍ
(በተማሪዎች ኅብረት የንባብ ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ይህን ንግግር ያዘጋጀነው ከዳባትና ከደባርቅ የመጣን አራት ተማሪዎች ነን። የሚያነበው አንድ ሰው ቢሆንም ቃሉ የአራታችንም ነው። ነገራችን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ቅርጻ ቅርጽ ስለምታጠና አንዲት የደባርቅ ልጅ ነው። አብሮ አደጋችን ናት። ባለፈው ክረምትና ከዚያም በጥር ዕረፍት፣ በታወቁት የአማርኛ መጻሕፍት ውስጥ ያሉትን ሰዎች በሸክላ አፈር ቀርጻ ለማቆም ሞከረች። እኛም አፈር እየተሸከምን፣ ኩበት እየለቀምን፣ ማታ ማታም መጽሐፉን ድምፃችንን ከፍ አድርገን እያነበብን ረዳናት። ያየነውን ከነገርናችሁ በኋላ አንድ ልመና እናቀርባለን።

እንደሚታወቀው ሥዕል በአገራችን የቆየ ሞያ ነው። ባላገሩም ቢሆን በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ እያየው አድጓል። ቅርጻ ቅርጽ ሲባል ግን ነገሩ ይለወጣል። የአክሱም ሐውልቶች አሉ፤ የጢያ ትክል ድንጋዮች አሉ፤ በላሊበላም በቤተ ጎልጎታ ግድግዳ ላይ የቅዱሳን ምስል ከድንጋዩ ተፈልፍሎ ይታያል። ይሁን እንጂ በዙሪያው ተዞሮ የሚታይ የሰው ምስል ማቆም በእኛ ዘንድ ልማድ ሆኖ አልቆየም። በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. ሲቆም ንድፉን ያወጣው ጀርመናዊ ነበር። አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን የከፈቱትም በ1950 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ብዙው ሰው ቅርጻ ቅርጽን ከባሕር ማዶ የመጣ ሞያ አድርጎ ይቆጥረዋል። እኛም እንደዚሁ እንቆጥረው ነበር። ያ ግምታችን እንዴት እንደ ተሰበረ ነው የምንነግራችሁ።

የመጀመሪያው ሙከራ ዐፄ ቴዎድሮስ ነበሩ። ለስሜን ልጅ ከዚህ የሚቀርብ ታሪክ የለም። ደጃዝማች ውቤ ይነግሡበታል ተብሎ ያሠሩት ደረስጌ ማርያም በእኛው ተራራ ላይ ነው። ደጃዝማች ካሳ ውቤን ድል አድርገው በየካቲት 1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡትም እዚያው ነው። ስለ እሳቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ተውኔት፣ ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን፣ አቤ ጉበኛም «አንድ ለናቱ»ን ጽፈዋል። እኛም እነዚህን እያነበብን ጓደኛችን ንጉሡን ዘውድ አድርጋላቸው፣ ጦር አስይዛ፣ ክንድ የሚያኽል ቁመት ሰጥታ ሠራቻቸው። ግርማ እንዲኖራቸው ብላም ደረታቸውን አወፈረችው።

ጊዜው ሐምሌ ነበር። የደባርቅን ሐምሌ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጉሙ ከሊማሊሞ ገደል ወጥቶ ቤት ውስጥ ይገባል። ጭቃው ሦስት ሳምንት ሙሉ አልደርቅ አለ። እኛ ግን ቸኮልንና በኩበት እሳት ውስጥ አገባነው። ጥቂት እንደ ቆየ እንደ ጠመንጃ ጮኾ ፈነዳ። ከመካከላችን አንዱ «ሴባስቶፖል ተተኮሰ!» ብሎ አሳቀን። ጓደኛችን ግን አልሳቀችም። የንጉሡን ራስ ከአመዱ ውስጥ ስትፈልግ አመሸች።

በማግሥቱ ስብርባሪውን በጆንያ ይዘን ከዳባት በታች ወዳለ አንድ መንደር ሄድንና ሸክላ የሚሠሩ አንዲት አሮጊት አነጋገርን። እኛ «እማማ» እንላቸዋለን። ስማቸውን በጽሑፍ ለማውጣት ፈቃድ ስላልጠየቅናቸው በዚሁ እንለፈው። ስብርባሪውን አገላብጠው አዩና እንዲህ አሉን፤

«ልጆቼ፤ ይኼ እኮ ውስጡ ድፍን ነው። ጋን እሳት ችሎ የሚወጣ ለምን ይመስላችኋል? ሆዱ ባዶ ስለ ሆነ ነው። ደግሞስ በክረምት ሸክላ ማን ይሠራል? በጥር ኑ።»

ይህ በትምህርት ቤት ቋንቋ ሲተረጎም እንዲህ ነው። የወፈረ ጭቃ ላዩ ቢደርቅም ልቡ ውኃ ይዞ ይቀራል። እሳት ሲያገኘው ውኃው እንፋሎት ይሆናል፤ መውጫ ሲያጣም ዕቃውን ይሰብረዋል። ነገሩን በፊዚክስ ትምህርት ተምረን ፈተናውንም አልፈናል። ይሁን እንጂ ያወቁት እሳቸው ነበሩ፤ የሰበርነው እኛ።

በጥር ተመልሰን ሄድን። አፈሩን መንፋት፣ አሮጌ ገል ወቅጦ ከጭቃው ጋር ማሸት፣ እንደ ገመድ እያድቦለቦሉ ከሥር ወደ ላይ መገንባት፣ በጥላ ማድረቅ፣ በለስላሳ ጠጠር መወልወል፤ ይህን ሁሉ እማማ በእጃቸው አሳዩን። ጓደኛችንም ሁለተኛውን ሥራ ጀመረች። ይህ ጦቢያ ናት። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ባሳተሙት በ«ልብ ወለድ ታሪክ» ውስጥ በወንድ ልብስ ተሸሽጋ የምትጓዘው ልጅ።

እዚህ ላይ ትልቅ ችግር ገጠመን። በመጽሐፉ ውስጥ ሌላው ሰው ሁሉ ወንድ ሲያያት እኛ አንባቢዎቹ ሴት መሆኗን እናውቃለን፤ ደራሲው ነግሮናልና። ጭቃ ግን አፍ የለውም። ፊቷን አለስልሳ ስትሠራው ያየ ሁሉ «ይቺ ልጃገረድ» አለ፤ መሸሸጉ ከንቱ ሆነ። አጠንክራ ስትሠራው ደግሞ «ይኼ እረኛ ነው» አሉ፤ ጦቢያ ጠፋች። ሁለቱንም አፍርሳ እንደ ገና አቦካችው። በመጨረሻ ያገኘችው መላ ይህ ነው፤ ከፊት ለሚያየው እግሩን ከፍቶ የቆመ ወጣት ወንድ፤ ዞሮ ከኋላ ለሚያየው ግን አንድ እጇን ወደ ማጅራቷ ልካ፣ ልጃገረድ ነጠላዋን እንደምትሰበስብ ልብሷን ስትሰበስብ። መጽሐፍ ምሥጢሩን ገጽ በገጽ ይገልጠዋል፤ ቅርጽ ደግሞ በዙሪያው ለሚዞር ሰው እርምጃ በእርምጃ ይገልጠዋል። ሥዕል ይህን ማድረግ አይችልም፤ ጀርባ የለውምና። የጭቃን ሥልጣን ያኔ ተረዳነው።

ሦስተኛው ሙከራ ከሁሉም የከበደ ነበር። «አንድ ለናቱ» የሚለውን ርእስ ደጋግመን ስንጠራ ከመካከላችን አንዱ «እናቲቱስ የት አለች?» ብሎ ጠየቀ። የዐፄ ቴዎድሮስ እናት ወይዘሮ አትጠገብ ወንድበወሰን ናቸው። ችግር በጸናባቸው ጊዜ ኮሶ ሸጠው ልጃቸውን አሳደጉ ይባላል። ባላጋራዎቹም «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ንጉሡን ይሰድቡበት ነበር። ኮሶ ደግሞ የእኛው አገር ዛፍ ነው፤ በስሜን ደጋ ቀይ አበባው ተንዠርጎ ይታያል። እንግዲህ ልብ በሉ። ጥሬ ሥጋ የሚበላው መኳንንት ሁሉ ትሉን ለማስወጣት ይህን አበባ ሳይጠጣ አይኖርም ነበር። ኮሶው የግድ ነው፤ የሸጠችው ሴት ግን ስድብ ናት።

ጓደኛችን ይህን ስትሰማ እማማን አየቻቸው። እኛም አየናቸው። ቡናችን የሚፈላበት ጀበና፣ ወጣችን የሚሠራበት ድስት፣ እንጀራችን የሚጋገርበት ምጣድ ከማን እጅ ነው የወጣው? ያችንስ ሴት ምን እያልን ነው ያደግነው? «ቡዳ» እያልን ነው። ልጅ ሆነን በደጃቸው ስናልፍ ዓይናቸው እንዳያርፍብን እንሮጥ ነበር። ይህን የምንናገረው ሌላውን ለመክሰስ አይደለም፤ የሮጥነው እኛው ነን።

ወሬው ደባርቅ ሲደርስ የጓደኛችን እናት አዘኑ። «አዲስ አበባ የላክሁሽ ጭቃ ልታቦኪ ነው? ከነሱ ቤት ውለሽ በዚያ እጅሽ ነው እንጀራዬን የምትቆርሺው?» አሏት። ልጅቱ መልስ አልሰጠችም። ሁለት ሌሊት በአክስቷ ቤት አደረች። በሦስተኛው ቀን ተተኩሶ የወጣውን ሥራ ተሸክማ ገባችና በመደቡ ላይ አስቀመጠችው፤ አንዲት ሴት ወይዘሮ ስትሆን በገበያ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ከፊቷ የኮሶ ቁና። እናትየው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው አዩት። «ማን ናት?» አሉ። «የቴዎድሮስ እናት።» እንደ ገና ዝም አሉና፣ «ሻጭ ሴት እንዲህ አትቀመጥም። ቁናውን በጉልበቷ ትይዛለች እንጂ፤ ገፊው ብዙ ነው» ብለው ራሳቸው መሬት ላይ ተቀምጠው አሳዩአት። ታረቁ ለማለት አንደፍርም። ስለ እማማም ምንም አላሉም። ጓደኛችን ግን አፈር አምጥታ ቁናውን እናቷ እንዳሉት አድርጋ ሌላ ሠራች። ወደዚህ ያመጣነው ያንን ነው።

ከደባርቅ ስንመለስ ጎንደር ለመግባት ጥቂት ሲቀር ወለቃ ላይ ወረድን። እዚያ ለብዙ ዘመን የኖሩት ቤተ እስራኤሎች ነበሩ፤ «ፈላሻ» የሚለው ስም ለእነሱ ስድብ ነው። እንደ ስሜን ወገኖቻቸው ሁሉ ርስት ተነፍገው በሸክላና በብረት ሥራ ይተዳደሩ ነበር። አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ጉዞዎች ወደ እስራኤል ሄደዋል። የወለቃ ሴቶች ለመንገደኛ ይሸጡት የነበረው ምን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ? የይሁዳ አንበሳ፤ ደግሞም ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ በአንድ አልጋ ላይ። ይህ በ«ክብረ ነገሥት» የተጻፈው ታሪክ ነው። እንግዲህ ጓደኛችን አዲስ ሙከራ ብላ የጀመረችውን፣ የመጽሐፍን ሰው በጭቃ ማቆምን፣ ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ከእኛ በፊት ሠርተውታል። ቅርጻ ቅርጽ ከባሕር ማዶ የመጣ ብቻ መሆኑ ቀረ። ቤታችን ነበረ፤ ያልነበረው የእኛ ዓይን ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ባለሙያዎችን በጋፋት ሰብስበው መድፍ ያሠሩት ያለ እጅ ሥራ አገር እንደማይቆም አውቀው ነው። ዐፄ ምኒልክም ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረዋል። የአፈወርቅ መጽሐፍ በሮም የታተመውም በዚያው ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት አልፏል። መጽሐፉን በትምህርት ቤት እናጠናዋለን፤ አዋጁን ግን ገና አልፈጸምነውም። መጽሐፍ አንብቦ መድሃኔዋን የሸጠችለትን፣ ድስቱን የሠራችለትን ሴት የሚንቅ ሰው ምን አነበበ ይባላል?

ልመናችን ይህ ነው። ኅብረታችን በሚያዘጋጀው ትርኢት ላይ ሦስቱ ሥራዎች ሲቀርቡ፣ ፈቃዳቸው ከሆነ፣ ከጓደኛችን ስም ጎን የእማማ ስም «መምህር» ተብሎ ይጻፍ። ለመጓጓዣና ለድካማቸው የሚሆን ገንዘብም ከክበቡ መዋጮ ተከፍሎ መጥተው ለተማሪው እንዲያሳዩ ይጋበዙ። አንድ የኮሚቴ አባል «ይህ ከሆነ ሥራው የገበያ ሸክላ መስሎ ዋጋው ይወርዳል» ብለውናል። መልሳችን አጭር ነው። የእሳቸው ስም ያልተጻፈበት ሥራ አንድ ጊዜ በሐምሌ ሠርተን አይተነዋል፤ ፈንድቷል።

በሚመጣው በጋ ጓደኛችን ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ጉዱ ካሳን ልትሠራ አስባለች። አፈር የሚሸከም ሰው ስለሚያስፈልግ፣ እጁን ጭቃ ማስነካት የማያፍር ሁሉ ስሙን ለእኛ ይስጥ።