ያልተቃኘው ደወል



በጥንታዊት ቻይና፣ ጂን በተባለው ግዛት መስፍን ፒንግ ይገዛ በነበረበት ዘመን፣ ይኸውም ከክርስቶስ ልደት በፊት በስድስተኛው መቶ ዓመት፣ አንድ ታላቅ ደወል እንደ ተሠራ ይተረካል። ነሐሱ ቀልጦ ከተፈሰሰና ደወሉ ከተሰቀለ በኋላ መስፍኑ የቤተ መንግሥቱን ሙዚቀኞች ጠርቶ አሰማቸው። ሁሉም ቅኝቱ ትክክል ነው አሉ። በዛሬ አነጋገር፣ የርክክብ ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ፈረመ ማለት ነው።

ሺ ኩዋንግ የተባለው ዐይነ ስውር የሙዚቃ ሊቅ ብቻ አልተስማማም። ደወሉ ከቅኝቱ ወጥቷልና ቀልጦ እንደገና ይሠራ ሲል ጠየቀ። መስፍኑ የሌሎቹን ምስክርነት ቢጠቅስበት፣ ሊቁ ስለ ራሱ ጆሮ ብልጫ አልተናገረም። ወደ ፊት ድምፅን የሚለይ ሰው መምጣቱ እንደማይቀርና ያ ሰው ጉድለቱን በሰማ ጊዜ ስለ መስፍኑ የሚያፍረው እርሱ መሆኑን ገለጠ። ቆየት ብሎም ሺ ጁዋን የተባለ ሌላ ሙዚቀኛ መጣና ጉድለቱን ለየ። ታሪኩን ያቆየው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት የተዘጋጀው «ሉሺ ቹንቺዩ» የተሰኘው መጽሐፍ፣ ደወሉ እንደገና ስለ መሠራቱ አንዳች አይናገርም።

ሙዚቀኞቹ ዋሹ የሚል ቃልም የለበትም። ምናልባት መስፍኑን ፈርተው ይሆናል፤ ምናልባትም በእውነት አልሰሙት ይሆናል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የከፋ ነው፤ ፈሪ ሰው ቢያንስ ጉድለቱ የት እንዳለ ያውቃልና።

የሊቁን ጥያቄ ክብደት ለመረዳት የዚያን ዘመን የደወል አሠራር መመልከት ያስፈልጋል። የቻይናው የዜማ ደወል እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ክብ አይደለም፤ ከሁለት ወገን ጠፍጠፍ ያለ፣ አፉም የዐይን ቅርጽ ያለው ነው። ክብ ደወል ሲመታ ድምፁ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ከተከታዩ ድምፅ ጋር ይደባለቃል። ጠፍጣፋው ግን ቶሎ ዝም ይላል፤ ከዚህም በላይ መካከሉ ሲመታ አንድ ድምፅ፣ ጎኑ ሲመታ ሌላ ድምፅ ይሰጣል። የድምፁን ከፍታና ዝቅታ የሚወስኑት የነሐሱ ቅይጥ፣ የደወሉ መጠንና የግድግዳው ውፍረት ናቸው። ስለዚህ ነሐሱ ከፈሰሰ በኋላ የሚቀረው ማረሚያ ውስጡን በሞረድ መፋቅ ነው። በዚህ የሚቃናው ጥቂት ነው፤ አንዱን ድምፅ ለማስተካከል የተፋቀው ቦታም ሁለተኛውን ድምፅ ሊያበላሽ ይችላል። ስሕተቱ ከዚያ ያለፈ እንደሆነ መድኃኒቱ እሳት ብቻ ነው። እንግዲህ ሺ ኩዋንግ የጠየቀው የወጣው ድካምና ገንዘብ ሁሉ ተመልሶ ወደ ማቅለጫው እንዲገባ ነበር።

ወደ ፊት ይመጣል የተባለው አድማጭ በተረት ብቻ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1978 በሁቤይ ክፍለ ሀገር፣ ዝንግ የተባለው ትንሽ ግዛት ገዥ ከነበረው ከመስፍን ዪ መቃብር 65 የነሐስ ደወሎች ተቆፍረው ወጡ። በአንደኛው ላይ ያለው ጽሑፍ የሚያመለክተው ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት 433 ዓመት ነው። ከ2,400 ዓመት በኋላ ተሰቅለው ሲመቱ ሁለት ሁለት ድምፃቸውን ሰጡ። በብዙዎቹ ላይ የትኛው ቦታ ሲመታ የትኛው ድምፅ እንደሚወጣ ተቀርጿል፤ በውስጣቸውም የሞረዱ ምልክት ይታያል። ጽሑፉ የመስፍኑን ስም ይጠራል። የቀላጮቹና ውስጡን የፋቁት ሰዎች ስም አልተጻፈም።