ወደ መሐል የመመለስ ጥያቄ፦ የኮሪያን ጆይስቲክ ስለ መምረጥ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)



የዛሬው ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከተለጠፈ ጀምሮ ሁለት ዓይነት ሰዎች አነጋግረውኛል። አንዳንድ ባልደረቦቼ «ጤና ነው?» አሉኝ። ተማሪዎች ግን በቀጥታ «የትኛውን እንግዛ?» ብለው ጠየቁኝ። የመጀመሪያዎቹን በንግግሬ ለማሳመን እሞክራለሁ። ለሁለተኞቹ በመጨረሻ እመልስላቸዋለሁ፤ ሆኖም መልሱ የአንድ ዕቃ ስም እንደማይሆን ከወዲሁ ላስታውቅ።

ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ በየሰፈሩ ፕሌይስቴሽን ቤት ቴከንን ተጫውታችኋል። እኔ ግን የፍልሚያ ጨዋታን ያወቅሁት ዘግይቼ፣ የዶክትሬት ትምህርቴን በተከታተልሁበት በደቡብ ኮሪያ ነው። በላቦራቶሪው ከእኔ አስቀድሞ የገባ፣ በአገሩ ወግ «ሶንቤ» ብዬ የምጠራው ጓደኛዬ፣ አንድ ዓርብ ማታ ወደ ኦራክሺል ወሰደኝ። ቃሉ የመዝናኛ ክፍል ማለት ነው፤ ሳንቲም እየከተቱ የሚጫወቱባቸው ማሽኖች የተደረደሩበት ቤት። በዚያ ሌሊት አንድም ጊዜ አላሸነፍሁም። ነገር ግን የማሽን ንዝረት የማጠና ሰው ነበርሁና ዓይኔ ከስክሪኑ ይልቅ በተጫዋቾቹ ግራ እጅ ላይ ቀረ።

ከሳምንታት በኋላ አንደኛው ጆይስቲክ ተበላሽቶ የቤቱ ባለቤት የመቆጣጠሪያውን ገበታ ገልብጠው ሲጠግኑ ቀርቤ ተመለከትሁ። ሞላ ፈለግሁ፤ አጣሁ። በሞላው ፈንታ ዘንጉን ዙሪያውን ያቀፈ ወፍራም የጎማ ቀለበት ነበር፤ መካኒኮቻችን ጎሚኒ የሚሉትን ዓይነት። ሰውየው አሮጌውን አውጥተው አዲስ ከተቱ፤ ዘንጉን ወደ አንድ ጎን ጎትተው በድንገት ለቀቁት፤ ጆሯቸውን አዘንብለው አደመጡ፤ ከዚያም ገበታውን መልሰው ዘጉ። ለምን እንዳደመጡ ያን ዕለት አልገባኝም። የዛሬው ንግግሬ በአመዛኙ የዚያን ማድመጥ ምክንያት ማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ውስጣዊ አሠራሩ። ማንኛውም የዚህ ዓይነት ጆይስቲክ አራት ማይክሮስዊቾች አሉት፤ ለላይ፣ ለታች፣ ለግራና ለቀኝ። ዘንጉ ወደ ሰያፍ ሲያዘነብል ሁለት አጎራባች ስዊቾች በአንድነት ይጫናሉ። እስከዚህ ድረስ የጃፓኑም የኮሪያውም አንድ ናቸው። ልዩነቱ የሚጀምረው ከሁለት ጥያቄዎች ነው፦ ዘንጉን ወደ መሐል የሚመልሰው ምንድን ነው? ጉዞውንስ የሚገድበው ምንድን ነው?

በሰፊው በሚታወቀው የጃፓን ጆይስቲክ፣ ለምሳሌ በሳንዋ ጄኤልኤፍ፣ የሚመልሰው የብረት ሞላ ነው፤ የሚገድበው ደግሞ ከሥር የተገጠመ አራት ማዕዘን መገደቢያ ነው። ማዕዘኖቹ ለሰያፍ አቅጣጫዎች ማረፊያ ይሆናሉ። እጅ ወደ ጥግ ከገፋ ሰያፉን አገኘ ማለት ነው። በኮሪያው ጆይስቲክ፣ ሳምዶክሳ የተባለው ድርጅት በክራውን ስም የሚሠራቸውንም ሆነ ፋንታ በሚል ስም የሚታወቁትን ብትወስዱ፣ የሚመልሰው ጎማው ነው። የጉዞው ወሰንም ክብ ነው፤ ጥግ የለውም። ሰያፉን የሚያገኘው እጅ ራሱ እንጂ የሚነግረው ግድግዳ የለም። እጀታውም እንደ ጃፓኑ ድቡልቡል ኳስ ሳይሆን ወደ ታች እየቀጠነ የሚሄድ ረዘም ያለ ነው።

ታዲያ ኮሪያውያን ተጫዋቾች ጥግ የሌለውን ለምን ወደዱ? መልሱን ከጨዋታው ውስጥ እንፈልግ። በቴከን «የኮሪያ ወደ ኋላ ሸርተቴ» ተብሎ በእነርሱው ስም የሚጠራ እንቅስቃሴ አለ። ተጫዋቹ ወደ ኋላ ሁለት ጊዜ ሲመታ ገጸ ባሕርዩ ወደ ኋላ ይፈናጠራል፤ ፍንጠራው ሳያልቅ ወደ ኋላና ታች ባለው ሰያፍ ይቆርጠዋል፤ ወዲያው ሌላ ፍንጠራ ይጀምራል። ይህ በተከታታይ ሲደገም ገጸ ባሕርዩ ከተቃዋሚው ጡጫ በቋሚነት እየራቀ፣ ለመከላከልም ዝግጁ ሆኖ ይጓዛል። እጁ የሚሠራው በአንድ ጠባብ ቅስት ላይ ነው፤ ወደ ጥግ ድረስ መሄድ ለዚህ ጉዞ ትርፍ መንገድ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ እነ ካዙያና ሄይሃቺ የሚጠቀሙበት «ኤሌክትሪክ» የሚባለው ጡጫ ነው። ትእዛዙ ወደ ፊት፣ መሐል፣ ታች፣ ከዚያም የፊትና የታች ሰያፍ ነው፤ የጡጫው ቁልፍ ደግሞ ሰያፉ በተነካበት በዚያው ፍሬም ላይ መጫን አለበት። ጨዋታው በሴኮንድ 60 ፍሬም ስለሚሄድ አንዱ ፍሬም ከ17 ሚሊሴኮንድ አይበልጥም። ልብ በሉ፤ «መሐል» ከትእዛዙ አንዱ ነው። ምንም አለመንካት እንደ አንድ ፊደል ይነበባል። ዘንጉ ወደ መሐል በንጽሕና ካልተመለሰ ቃሉ ተሳስቶ ተጻፈ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሰውየው ጆሮ እንመለስ። ዘንጉ ተጎትቶ ሲለቀቅ ያጠራቀመው ኃይል ወደ መሐል ይወረውረዋል። የብረት ሞላ የተቀበለውን ኃይል ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ይመልሳል፤ ስለዚህ ዘንጉ መሐሉን አልፎ ተቃራኒውን ስዊች ሊነካ ይችላል። ጎማ ግን ከተቀበለው ኃይል የተወሰነውን በውስጡ ወደ ሙቀት ለውጦ ያስቀራል፤ ንዝረቱም ቶሎ ይሞታል። ሰውየው ያዳመጡት ይህንኑ ነበር። ዘንጉ ሲለቀቅ የተጫነው ስዊች የመላቀቅ ድምፅ አንድ ጊዜ ብቻ ከተሰማ ጎማው ደኅና ነው። ተከትሎ ሌላ ድምፅ ከመጣ ዘንጉ ወደ ማዶ ተሻግሯል። እኔ በላቦራቶሪ ውድ መሣሪያ የምለካውን እርሳቸው በጆሯቸው ይለኩት ነበር።

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት መናገር ይገባኛል። ጎማዎቹ እንደ 35 እና 45 ባሉ ቁጥሮች ተለይተው ይሸጣሉ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ጎማው ይጠጥራል። እኔም «ጠንካራ ጎማ ቶሎ ይመልሳል፤ ቶሎ የሚመልስ ይሻላል» ብዬ አሰብሁና ካገኘሁት ሁሉ ጠጣሩን ገዛሁ። ጎበዞቹ በዚያ ይጫወታሉ መባሉም አታልሎኛል። በየማታው በግትርነት ተለማመድሁ። ወር ሳይሞላ ከእጅ አንጓዬ እስከ ክርኔ የሚዘልቅ ሕመም ጀመረኝ። ወቅቱ የመመረቂያ ጽሑፌን የምጽፍበት ነበር፤ ግራ እጄን ከኪቦርዱ አንሥቼ በአንድ እጅ ስተይብ የሰነበትሁበትን ጊዜ ሳስታውስ ዛሬም አፍራለሁ። የሚያሳፍረኝ ሕመሙ አይደለም፤ ተማሪዎች በሁለተኛ ዓመት የሚሠሩትን ስሌት እኔ ከመግዛቴ በፊት አለመሥራቴ ነው።

ስሌቱ ይህ ነው። የአንድ ንዝረት ጊዜ ከጥንካሬው ስኩዌር ሩት ጋር በተገላቢጦሽ ይሄዳል። ጥንካሬውን ዕጥፍ ብታደርጉት እጃችሁ የሚገፋው ኃይል ዕጥፍ ይሆናል፤ የመመለሻው ጊዜ ግን የሚያጥረው በ29 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የጎማዎቹ ቁጥር በሾር ኤ ሚዛን የተለካ ነው ብለን እንውሰድና እ.ኤ.አ. በ1958 ጄንት ባወጣው ቀመር እንለውጠው። ከ35 ወደ 45 ስንሄድ ጥንካሬው 46 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ጊዜው ግን የሚቀንሰው በ17 በመቶ ነው። ዘንጉ ለመመለስ ሁለት ፍሬም ይፈጅ ነበር ብንል፣ ያተረፍነው የአንድ ፍሬም ሲሶ ነው። ለዚያች ሲሶ ሲባል ክንድ በእያንዳንዱ ግፊት፣ በአንድ ምሽት ብዙ ሺሕ ጊዜ፣ ግማሽ ያህል ተጨማሪ ኃይል ይከፍላል። ደክሞ የዘገየ እጅ ደግሞ ከሲሶ ፍሬም እጅግ የሚበልጥ ያጠፋል። ስሌቱ እርጥበቱን ያላስገባ ግምት ነው፤ አቅጣጫውን ግን በትክክል ያሳያል።

ስለዚህ ምርጫውን በምን ቅደም ተከተል እናድርግ?

አንደኛ፣ ጨዋታውን ጠይቁ። ቴከንን የምትጫወቱ ከሆነ መሐልን የሚያከብረው የኮሪያ ጆይስቲክ ይስማማችኋል። በስትሪት ፋይተር የኋላና የታች ሰያፍን ይዞ እያጠራቀመ የሚጫወት ገጸ ባሕርይ የምትመርጡ ከሆነ ግን የአራት ማዕዘኑ ጥግ ባለውለታችሁ ነው፤ ሳታስቡት ያሳርፋችኋል። በክብ ወሰን ያንኑ ሰያፍ ለመያዝ ልምምድ ያስፈልጋል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሰያፉን ለአሥር ሴኮንድ ያዙና ስዊቾቹ ሳይለቁ መቆየታቸውን ተመልከቱ።

ሁለተኛ፣ እጃችሁን ጠይቁ። ከመካከለኛ ወይም ከለስላሳ ጎማ ጀምሩ። ጎማው ተነቅሎ የሚለወጥበትን ሞዴል ግዙ፤ ጎማ ከመላው ጆይስቲክ እጅግ ይረክሳልና ስሕተታችሁ ርካሽ ይሆናል። አዲስ ጎማ በአገልግሎት ስለሚለሰልስ የመጀመሪያውን ቀን ስሜት እንደ መጨረሻ ፍርድ አትቁጠሩት።

ሦስተኛ፣ ሣጥኑን ጠይቁ። ይህ ትንሽ የሚመስል፣ ግን ብዙ ገንዘብ የሚያባክን ነጥብ ነው። ለጃፓን ጆይስቲክ የተሠራ ሣጥን ሁሉ የኮሪያውን አይቀበልም፤ ጥልቀቱን፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን ርቀትና የሽቦውን መሰኪያ አስቀድማችሁ ለኩ። ጄኤልኤፍ አምስት ሽቦ ባለው አንድ መሰኪያ ይገናኛል፤ አንዳንድ የኮሪያ ሞዴሎች ግን ለእያንዳንዱ ስዊች የየራሱን ሽቦ ይፈልጋሉ። ዕቃው ባሕር ተሻግሮ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ከሆነ ማስመሪያ ከክሬዲት ካርድ ይቀድማል።

አራተኛ፣ ከጆይስቲኩ የማይገኘውን ከጆይስቲኩ አትጠብቁ። ጄዲሲአር በሚለው ስም የሚታወቀው ኮሪያዊ እ.ኤ.አ. በ2017 በላስ ቬጋሱ ኢቮ ውድድር በቴከን 7 ሲያሸንፍ የአገሩ የኦራክሺል ባህል ከኋላው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን በዚያው መድረክ የፓኪስታኑ አርስላን አሽ ኒ የተባለውን ዝነኛ ኮሪያዊ በፍጻሜው ረታ። ያ የኮሪያ ሸርተቴም ዛሬ በተራ የፕሌይስቴሽን መቆጣጠሪያ ጭምር በብዙ አገር ይሠራል። መሣሪያው መንገዱን ያቀናል፤ መንገዱን የሚሄደው ግን ሌላ ነው።

ለባልደረቦቼ ጥያቄ መልሴ ይህ ነው፦ ጤና ነው። አንድ የጎማ ቀለበት የንዝረትን ትምህርት፣ የሰውን ጡንቻ ወሰንና የአንድን ሕዝብ የጨዋታ ልማድ በአንድነት ከያዘ፣ ስለ እርሱ አንድ ምሽት ማውራት አይበዛበትም። ለተማሪዎቼ ደግሞ፦ የምትጫወቱት ቴከን ከሆነ፣ ጎማው የሚለወጥ የኮሪያ ጆይስቲክ፣ ከ35ቱ ጎማ ጋር፣ ሣጥናችሁን ከለካችሁ በኋላ ግዙ። ሲደርሳችሁ ከመጫወታችሁ በፊት ዘንጉን ወደ ጎን ጎትታችሁ ልቀቁትና አድምጡ። ክንዳችሁ ባመማችሁ ዕለት ደግሞ ጎማውን ለውጡ እንጂ ሕመሙን አትልመዱት።

 ጥያቄ ካለ በደስታ እቀበላለሁ።