ሙዝን የሚያበስለው ሙቀት አይደለም



ስለ ዕፅዋት ሆርሞን እንድናገር በተጋበዝሁ ጊዜ አንዳንድ ወዳጆቼ «መሐንዲስን ከዕፅዋት ጋር ምን አገናኘው?» ብለው ጠይቀውኛል። መልሴ አጭር ነው፤ ከሆርሞኖቹ አንዱ ጋዝ ነው። ጋዝ ከሆነ ዘንድ ይጠራቀማል፣ ይሾልካል፣ ይቀጣጠላልም፤ ይህም ሁሉ የእኛ ሥራ ነው።

ሆርሞን ተክሉ ራሱ በእጅግ ጥቂት መጠን እያዘጋጀ ዕድገቱን የሚያዝበት ንጥረ ነገር ነው። ኦክሲን ቡቃያውን ወደ ብርሃን ያዘነብላል፤ ጂበርሊን አገዳውን ያስረዝማል፤ ሳይቶካይኒን ሕዋሳት እንዲከፋፈሉ ያደርጋል፤ አብሲሲክ አሲድ በድርቅ ጊዜ የቅጠሉን ቀዳዳዎች ያዘጋል። ስለ እነዚህ የግብርና ሊቃውንት ከእኔ የተሻለ ይናገራሉ። እኔ የማተኩረው በኢቲሊን ላይ ነው።

ኢቲሊን የታወቀው በእኛው ሙያ ጉድለት ነው ማለት ይቻላል። በ19ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ ከተሞች መንገዶቻቸውን ከድንጋይ ከሰል በሚገኝ ጋዝ ያበሩ ነበርና፣ ቧንቧው በሚያፈስበት ሥፍራ የነበሩ ዛፎች ያለ ወቅታቸው ቅጠላቸውን ያራግፉ ጀመር። ሩሲያዊው ዲሚትሪ ኔልዩቦቭ በቤተ ሙከራ ጨለማ ውስጥ ያበቀለው አተር አጥሮና ወፍሮ ወደ ጎን ሲጋደም አይቶ፣ ምክንያቱ በመብራት ጋዙ ውስጥ ያለው ኢቲሊን መሆኑን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1901 ገለጠ።

ለእኛ ይበልጥ የሚያስተምረን ግን የካሊፎርኒያ ሎሚ ታሪክ ነው። አምራቾቹ አረንጓዴውን ሎሚ ቢጫ ለማድረግ የላምባ ምድጃ በሚነድበት ክፍል ያከማቹት ነበር፤ ሥራውን የሚሠራውም ሙቀቱ ይመስላቸው ነበር። ምድጃው በንጹሕ ማሞቂያ ሲተካ ሎሚው አረንጓዴ እንደሆነ ቀረ! አሜሪካዊው ፍራንክ ዴኒ በ1924 ቀለሙን የሚለውጠው በሚገባ ካልነደደ ላምባ የሚወጣው ኢቲሊን መሆኑን አሳየ። በ1934 ደግሞ እንግሊዛዊው ሪቻርድ ጌን የበሰለ ፍሬ ራሱ ይህንኑ ጋዝ እንደሚያወጣ አረጋገጠ።

በአገራችንም ከአርባ ምንጭ አካባቢ ጥሬውን ተጭኖ የሚመጣውን ሙዝ ነጋዴው በዝግ ክፍል ላምባ እያነደደ ማብሰልን ለምዷል። የተማረ ሰው ይህን ሲያይ «ኋላ ቀርነት ነው» ብሎ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያዝዝ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ተሳሳቹ የተማረው ነው። እናቶቻችንም አቮካዶውን በጤፍ ውስጥ ሲቀብሩት ከፍሬው የሚወጣውን ጋዝ እዚያው ማገዳቸው ነው። ሙዝ ጥቂት ኢቲሊን ሲያገኝ ራሱ አብዝቶ ያመነጫልና፣ አንዱ የበሰለ ጎረቤቱን ያበስላል። ብርቱካን ግን እንዲህ አይደለም፤ ልጣጩ ቢቀየር እንኳ ውስጡ አይጣፍጥም።

ይሁን እንጂ ላምባው ጋዙን ለክቶ አይሰጥም። ጥላሸቱ ፍሬውን ያቆሽሻል፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ወደ ክፍሉ የሚገባውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል፤ ሙቀቱ ሲበዛ ደግሞ ልጣጩ አረንጓዴ እንደሆነ ሥጋው ይላሽቃል።

ስለዚህ ክፍሉን ስንነድፍ መነሻችን ጋዙ ይሁን። ከአንድ ሚሊዮን እጅ አየር 100 እጅ ኢቲሊን ይበቃል፤ ለ60 ሜትር ኩብ ባዶ ቦታ 6 ሊትር ብቻ ማለት ነው። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይሰጣል። ሙቀቱ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ርጥበቱ ከ90 በመቶ በላይ ቢሆን መልካም ነው፤ ከ13 ዲግሪ በታች የቆየ ሙዝ ልጣጩ ይጠቁራል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው አየር ማናፈስ ነው። ፍሬው ሲተነፍስ የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1 በመቶ ካለፈ የኢቲሊኑን ሥራ ያደናቅፋል፤ በመሆኑም ክፍሉ በየጊዜው ንጹሕ አየር ማግኘት፣ ነፋሱም በካርቶኖቹ መካከል ማለፍ አለበት።

ኢቲሊን የሚቀጣጠለው በአየር ውስጥ 2.7 በመቶ ሲደርስ ነው፤ እኛ የምንሰጠው ከዚያ 270 ጊዜ ያነሰ ነው። አደጋው ያለው የሚያፈስ ሲሊንደር ላይ ነውና ሲሊንደሩ ከሕንጻው ውጭ ይቁም፤ ብልጭታ የሚያወጣ ማብሪያ ማጥፊያም ወደ ክፍሉ አይግባ። የማብሰያው ክፍል የሚያስወጣው አየር አበባ ወይም ቅጠላ ቅጠል ወደሚቀመጥበት መጋዘን እንዳይዞር የቧንቧው አቅጣጫ ከመጀመሪያው ንድፍ ላይ ይወሰን፤ ሙዙን ያበሰለው ጋዝ እዚያ ሲደርስ ጎመኑን ያስቢጫል፣ አበባውን ያጠወልጋል።